የልብስ ሰፊው ታሪክ

ሰኔ 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ

ከጥር ወዲህ አንድም ነገር አልጻፍኩም። ይህን ደብተር የምጀምረው ለማንም ብዬ ሳይሆን እጄ ሥራውን እንዳይረሳ ነው። አራሚ ሆኜ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ሲዘጋ እኔና ባለቤቴ ዘርፈሽዋል እቃችንን በበቅሎ ጭነን ከአዲስ አበባ ወጣን፤ እናቴ ቤት ገባን። ታናሽ ወንድሜ ያረጋል ግን፣ የሰው ልብስ በእጄ ይዤ አልሄድም፣ የጀመርኩትን ሰፍቼ እከተላችኋለሁ ብሎ አራዳ ቀረ። ከዚያ የካቲት መጣ።

ስለ የካቲት እዚህ አልጽፍም።

እናቴ ወለተ ሐና ማንም ሳይጠይቃት "ለመስቀል ይመጣል" ትላለች። የእኛ አገር ሰው ለመስቀል የማይመጣበት ጊዜ የለም። አዲስ አበባ ቆዳ የሚነግደውም፣ ሸክም የሚሸከመውም፣ ሱቅ የከፈተውም ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ ይከርምና በመስከረም በቡኢ በኩል እየተግተለተለ ይገባል። ስለዚህ የምትለው እውነት ነው። ለመስቀል ይመጣል።

ሰኔ 16

ዝናብ። ተቀመጥኩ። አንድ መስመር ጽፌ ሰረዝኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ዘርፈሽዋል ከጓሮ እንሰት ስትፍቅ ውላ ገባች፤ እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ሆኗል። "ዛሬስ?" አለችኝ። እያሰብኩ ነው አልኳት። ምንም አላሰብኩም ነበር።

ሰኔ 25፣ ዓርብ

የገበያ ቀን ነው። ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላስጠላኝ ሀቢቡ ሱቅ ሄድኩ። ሀቢቡ አብሮ አደጌ ነው፤ ጨው፣ አቡጀዲና ክር ይሸጣል። ከሱቁ ጀርባ ትንሽ መስኮት ያላት የእቃ ክፍል አለችው። አቡጀዲው ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ወፍራም ወረቀት አንድ እቅፍ ሰጠኝና፣ እዚህ ተቀመጥ፣ ሰው ከጠየቀ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ነው እላለሁ አለ።

በረንዳው ላይ አንድ አዲስ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ኖሯል። መኪናው መዞር ሲጀምር እጄ ላይ ያለው እርሳስ ቆመ። ያን ድምፅ ከጥር ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ከዚያ መስመሩ ራሱ መጣ፦ "ታፈሰ ሰውን የሚለካው በዓይኑ ነው፤ ሜትሩን የሚያወጣው ለክብር ብቻ ነው።"

ሀቢቡ ሱቁን ሊዘጋ እስኪመጣ ድረስ ቀና አላልኩም።

ሰኔ 28

እየመጣ ነው። ምሳ ረሳሁ። ታፈሰ አንድ ወፍራም ነጋዴ ሲለካ ሜትሩ አጠረበት፤ አሽከርህን ጥራልኝና የቀረውን እሱ ላይ ልለካ አለው። ብቻዬን ስስቅ ሀቢቡ መጋረጃውን ገልጦ አየኝ። ወረቀት ያንሰኛል።

ሐምሌ 5

ሁሉም ተኝተዋል፤ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ታሪኩ ከእኛ አገር ወጥቶ አራዳ ልብስ ሰፊ ስለሆነ አንድ ወጣት ነው። ታፈሰ ብዬዋለሁ። ሌላ ምንም የለውም፤ ሰው መጥቶ ይለካል፣ እሱ እየለካ ያወራል፣ የከተማው ጉድ ሁሉ በሜትሩ በኩል ያልፋል። ለምን እንደሚቀናኝ አውቃለሁ። በጻፍኩ ቁጥር አራዳን አያለሁ። አሁን ያለችውን አይደለም፤ ያኔ የነበረችውን።

ማታ ከሥራ ስወጣ ጣቴ በቀለም ጠቁሮ ይሆናል። የጊዮርጊስ ደወል ይደወላል። ያረጋል ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ከሩቅ ያየኝና መኪናውን ሳያቆም በአገጩ ይጠራኛል። ከክር ሳጥኑ ውስጥ ቆሎ አያጣም፤ ቆሎውን ስንቆረጥም አንዳንዴ ቁራጭ ክር ጥርሳችን ውስጥ ይገባል። ዝናብ ሲሆን አላፊ አግዳሚው ሁሉ በረንዳው ላይ ይጠለላል፤ እሱም አንድ በአንድ በዓይኑ እየለካ ይህ ቀሚስ ጠቧታል፣ ያ ኮት የአጎቱ ነው ይለኛል፤ በጆሮዬ።

የመጀመሪያዋ ታሪኬ በጋዜጣ የወጣች ቀን ቆርጦ ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፋት። ንባቡ ቀስ ያለ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ይጠመጥምና ታሪኩን ከላይ እስከ ታች ሳያነብለት አይለቀውም። አንድ ቀን አንድ መነኩሴ ዳዊታቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ እንደዞረ፣ የእኔን ታሪክ ቆመው ሲያዳምጡ ደረስኩ። ሲያልቅ "ማን ጻፈው?" ብለው ጠየቁ። ያረጋል ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ከዚያ ቀን የበለጠ ደስታ በጽሑፍ አግኝቼ አላውቅም።

ይህንን ለታፈሰ ልሰጠው አሰብኩ። ከዚያ ሰሰትኩት።

ሐምሌ 12

ሀቢቡ ለእናቴ ነግሯት ኖሯል። ትናንት ጨው ገዝታ እንደገባች፣ ሱቅ ቁጭ ብለህ ብቻህን ትስቃለህ አሉ፣ ለእኔስ? አለችኝ። አማርኛ ትሰማለች፤ የመጽሐፍ አማርኛ ግን ይከብዳታል። ስለዚህ የጻፍኩትን በክስታንኛ እያዞርኩ ነገርኳት። ይህ ለእኔም ጠቀመኝ። በእናቴ ቋንቋ አልዞር ያለኝን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ሳየው በአማርኛውም ባዶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ብዙ ሰረዝኩ።

የወፍራሙ ነጋዴ ቦታ ላይ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከጥር ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና፣

"ይሄ ታፈሰ የማን ልጅ ነው?" አለች።

"የማንም አይደለም። የፈጠርኩት ነው።"

ራሷን ነቀነቀች።

ሐምሌ 20

አሁን ራት ሲበላ ጎረቤት እየመጣ ይቀመጣል። ቀን እጽፋለሁ፣ ሲመሻሽ እነግራለሁ። እንዲህ ያለ ጊዜ አይቼ አላውቅም፤ አዲስ አበባ እያለሁም እንኳ። ቃሉ ሳልፈልገው ይመጣል። መንገድ ላይ ስሄድ ሰው ሰላም ሲለኝ የምመልሰው ከታፈሰ ጋር የጀመርኩትን አቋርጬ ነው።

እናቴ ግን ታርመኛለች። ታፈሰ ጠዋት ወተት ጠጣ ስል፣ ወተት አይወድም አለች። መቀሱን በቀኙ አነሣ ስል፣ በግራው ነው አለች። እኔም በግራው አልኩና ቀጠልኩ። ዛሬ ወረቀቱ ላይም አስተካከልኩት። በግራው ሲሆን ያምራል።

ሐምሌ 28

ዱባለ ወደ ሱቁ መጣ። ዱባለ አዲስ አበባ አብሮኝ የተማረ የአገሬ ልጅ ነው፤ አሁን ለሬዚደንቱ፣ ማለት ለዚህ አገር ለተሾመው ጣሊያን፣ ያስተረጉማል። ቡት ጫማ አድርጓል። ከጨው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ማታ ማታ ሰው እንደምሰበስብ መስማቱን ነገረኝ። ተረት ነው አልኩት። ተረት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ እነሱ ግን ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ አይወዱም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጣበትን ጉዳይ አወጣው። አዲስ አበባ በአማርኛ የሚያሳትሙት ጋዜጣ አላቸው፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። ስለ አዲሱ መንገድ፣ ስለ ሰላሙ፣ ደስ ስላለው ገበሬ። ከጻፍኩ ማንም አይነካኝም።

ሲነሣ "ስምህ ከላይ ይታተማል" አለኝ።

ሀቢቡ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። ዱባለ ከወጣ በኋላ ጨው መመዘኑን ቀጠለ።

ነሐሴ 3

ስምህ ከላይ ይታተማል።

እውነቱን ልጻፍ፣ ልቤ ዘለለ። ገና ያልደረቀ ወረቀት ሸተተኝ። ለእርማት የሚመጣልኝን የመጀመሪያ ቅጂ በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ መስኮት የምጠጋው ነገር ታየኝ። ለዘርፈሽዋል ነገርኳት። ቆጮውን እያገላበጠች፣ ያረጋል ቢሰማ ምን ይላል? አለችኝ። ተናደድኩ። ለመስቀል ሲመጣ እንጠይቀዋለን አልኳት። አየችኝና ወጣች። ቆጮው አረረ።

ነሐሴ 9

ሞከርኩት። አንድ ብቻ፣ ለመሞከር ብዬ። ገበሬው አዲሱ መንገድ ዳር ቆሞ ደስ አለው። ከዚያስ? ምንም። ደስ ብሎት ቆመ። እንዲራመድ ባደርገው እግር የለውም፣ እንዲናገር ባደርገው አፍ የለውም። ቀደድኩት።

ወደ ታፈሰ ተመለስኩ። እሱም ዝም አለኝ። ያ ሁሉ ወሬው የት ሄደ?

ነሐሴ 12

ምንም።

ነሐሴ 13

ዛሬም። ያለፈውን ሳነበው የሌላ ሰው ይመስለኛል፤ የጻፈው ሰውዬ ከእኔ ይበልጣል። ይህ ከዚህ በፊትም ደርሶብኛል። ከመጀመሪያዋ ታሪክ በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ ደርቄ ከርሜ ነበር። ያኔ ያረጋል፣ መርፌም ይሰበራል፣ ሌላ እስኪመጣ ቁልፍ እተክላለሁ አለኝ። ዛሬ የምተክለው ቁልፍ የለኝም።

ነሐሴ 18

ከፍልሰታ ጾም በኋላ ጎረቤቶቹ ተመልሰው መጡ። የሚነገር ስላልነበረኝ የድሮውን ደገምኩት። እናቴ ገባት፤ አላጋለጠችኝም።

ስለዚህ ዛሬ ታፈሰን በባቡር ድሬዳዋ ላክሁት። ጨርቅ ሊገዛ። አዲስ ነገር ያነቃቃል። ከድሬዳዋ ደግሞ ጅቡቲ ሊያልፍ ይችላል። ባሕሩን አይቼው ባላውቅም ልጽፈው እችላለሁ።

ዘርፈሽዋል "ለምን ከአዲስ አበባ አራቅኸው?" ብላ ጠየቀችኝ። ታሪኩ ስለፈለገ ነው አልኳት።

ነሐሴ 27

ታፈሰ ጅቡቲ ነው። ሙቀቱን ጻፍኩ፣ መርከቡን ጻፍኩ። ለእናቴ ስነግራት አንዱንም አላረመችም። ስለማታውቀው መሰለኝ። ከዚያ፣ መኪናውን ለማን ትቶ ሄደ? ብላ ጠየቀችኝ።

ጳጉሜን 3

ዝናቡ ሳሳ። የዘቢዳር ተራራ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ታየ። ዱባለ ተመለሰ፤ ሬዚደንቱ ይጠይቀዋል። እስከ መስቀል ጊዜ ሰጠኝ። እኔን ብቻ የሚያስፈራራኝ መስሎኝ ነበር፤ ሲሄድ ግን በሩ ላይ ዞሮ አደራህን አለኝ። ጸሐፊ አለ ብሎ ስሜን የሰጣቸው ራሱ ነው፤ እኔ ካልጻፍኩ በእሱም ይመጣበታል። አዘንኩለት። መልስ ግን አልሰጠሁትም።

መስከረም 3 ቀን 1930 ዓ.ም.

እናቴ ለመስቀል ቅቤ ማጠራቀም ከጀመረች ቆይታለች። ዛሬ ቤቱን ለቀለቀች፤ በመደቡ ላይ አዲስ የጅባ ምንጣፍ ዘረጋች፤ ያረጋል የሚተኛበት መደብ ነው። የሰፈሩ ሰዎች የመስቀሉን በሬ ሲከፋፈሉ የማን የማን ድርሻ እንደሆነ ሲጠይቋት የእሱንም ስም ጠራች። ጠያቂው እኔን አየኝ። እኔ በሬውን አየሁ።

መስከረም 11

ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች መግባት ጀመሩ። እንደ ድሮው አይደሉም፤ ጥቂት ናቸው፣ ጥቅላቸውም ትንሽ ነው። ድሮ እኔና ያረጋል የመጣን እንደሆነ ከቡኢ ጀምሮ እየዘፈንን ነበር የምንገባው፤ ሰፈሩ ጋ ስንደርስ ያረጋል ድምፁን ሆነ ብሎ እንደ ሽማግሌ ያጎረንነው ነበር፣ እናቴ እንግዳ የመጣ መስሏት እንድትወጣ። ሁልጊዜ ትወጣ ነበር። እያወቀች።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ጎመን ስትቀነጥስ ዋለች።

መስከረም 15

ባዩ መጣ። አራዳ ከያረጋል ሱቅ ፊት ለፊት ክር ይሸጥ የነበረው ባዩ። እናቴ ሳታየው ወደ ሀቢቡ ሱቅ ወሰድኩት። ነገረኝ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

መስከረም 17፣ መስቀል

እናቴ ክትፎውን በጣባ አድርጋ ለሁላችንም አቀረበች። አንዱን ጣባ በኮባ ሸፍና ለብቻ አስቀመጠችው። ባዩ እንደ ደንቡ ሊጠይቃት መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሲበላም ሲመረቅም ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እሷም ስለ አዲስ አበባ አልጠየቀችውም። ስለ እናቱ ጤና ጠየቀችው፣ ስለ በቅሎው ጠየቀችው። ሲመሻሽ የተሸፈነውን ጣባ አንሥታ ለጎረቤት ልጆች ሰጠች።

ዘርፈሽዋል ጓሮ ሄዳ አለቀሰች። ባዩ ምን እንዳለኝ አልነገርኳትም። መንገር አላስፈለገም።

መስከረም 20

አጥር ስጠግን እናቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ያ ታፈሰ ከዚያ ከሄደበት አልተመለሰም?"

"ገና ነው እማዬ።"

"መልሰው" አለች። "ወደ ሱቁ መልሰውና ጨርሰው። ባዩ አያየኝም። አንተም ካላየኸኝ ወራት ሆነህ። አንተ ካልጨረስከው እኔ እርሜን አላወጣም፤ ቆሜ ቀረሁ።"

የያዝኩት ልጥ ከእጄ ወደቀ። እሷ ጎንበስ ብላ አነሣችና ሰጥታኝ ገባች።

መስከረም 22

ከጠዋት ጀምሮ ጻፍኩ። ሀቢቡ ሱቁን ዘግቶ ከውጭ ተቀምጦልኛል፣ ማንም እንዳይገባ።

ይህን የምጽፈው በኀፍረት ነው። ጽሑፉ መጣ። ነሐሴን ሙሉ ለምኜው እምቢ ያለኝ ነገር ዛሬ እንደ ወንዝ መጣ። አንድም ቃል አልፈለግኩም፤ አንድም አልሰረዝኩም። በመካከሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲያምርብኝ ደስ አለኝ። ስለ ወንድሜ ሞት እየጻፍኩ ደስ አለኝ። እርሳሱን ጥዬ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩና ጨረስኩት፤ እናቴ ትጠብቃለች።

ያንን ያማረ ዐረፍተ ነገር አወጣሁት። የቀረው ባዩ እንደነገረኝ ነው።

መስከረም 23

ነገርኳት። መርዶ ጎሕ ሲቀድ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ የእኔ እናት ግን በቀትር፣ ከልጇ፣ ከወረቀት ላይ ሰማችው። ዘርፈሽዋል እጇን ይዛት ነበር።

ልብስ ሰፊው ያን ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ይሰፋ ነበር። ተኩስ ሲሰማ ሰው ሁሉ ሮጠ። ወታደሮቹ ከላይ ቤት እያቃጠሉ ሲወርዱ እሱ መኪናውን ነቅሎ ተሸከመና ከበረንዳው ወጣ። ጎረቤቱ በሩን በትንሹ ከፍቶ፣ ጣለውና ግባ አለው። አልጣለም። መታጠፊያው ጋ መቱት። ጎረቤቱ በማግስቱ ሲወጣ አስከሬኖቹን በካሚዮን አንሥተዋቸው ነበር።

እናቴ እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም። ከዚያ፣

"መኪናውን ለምን አልጣለም?" አለች።

"አላውቅም እማዬ። ስለማላውቅ አልጻፍኩትም።"

"እንዳይሰበርበት ነው" አለች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። "በሉ ሰው ጥሩ።"

መስከረም 24

ዱባለ ለቅሶ ልንቀመጥ መሆኑን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። የጋዜጣውን ነገር አላነሣም። የየካቲት ሰው ተብሎ በአደባባይ ከተለቀሰ እኔን ያስሩኛል፣ እሱንም አይምሩትም። አንድ መፍትሔ ይዟል፤ ንዳድ ይዞት ሞተ እንበል። ማንም አይጠይቅም። ለለቅሶውም ራሱ ፈቃድ ያወጣልናል።

"አንተ ሰው ፈጥረህ የምታኖር፣ አንድ ንዳድ መፍጠር አቃተህ?" አለኝ።

እውነት ለመናገር አሰብኩበት። ቀላል ነበር። ንዳዱን መጻፍ እችላለሁ፤ ላቡን፣ ቅዠቱን፣ ውሃ ውሃ ማለቱን። ወደ እናቴ ዞርኩ። ተቀምጣ ነበር፤ ፀጉሯን ተላጭታለች።

"ልጄ አልታመመም" አለች፤ ለዱባለ እንጂ ለእኔ አይደለም። "ጤነኛ ነበር።"

ዱባለ ቆቡን አወለቀ። እግዜር ያጥናሽ አላትና ወጣ።

መስከረም 26

ለቅሶ። ከቡኢ በኩል መጡ፣ ከመስቃን ሙስሊሞቹም መጡ፤ ሀቢቡ ሱቁን ዘግቶ ከሚስቱ ከሰፍያ ጋር ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። አስለቃሿ ምን ሆኖ ሞተ ልበል ብላ ጠየቀች፤ እናቴ ነገረቻት። ሴትዮዋም በግልጽ አወጣችው፤ መኪናውን ተሸክሞ መውጣቱን፣ መታጠፊያውን። አንድ ሁለት ሰው ብድግ ብሎ ሄደ። ሌላው ተቀመጠ። ስለ ልጆቻቸው ሰምተው ያላለቀሱ ሌሎች እናቶችም ነበሩ፤ የየልጆቻቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ።

እኔም አለቀስኩ። አንድም ቃል በራሴ ውስጥ አልተጻፈም።

መስከረም 30

ሬዚደንቱ ዘንድ ተጠራሁ። ከመሄዴ በፊት ሀቢቡ የታፈሰን ወረቀቶች በሙሉ ከአቡጀዲው ጣቃ ውስጥ ደበቀልኝ። ሰውዬው በዱባለ በኩል ወንድምህ በምን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ዱባለ ይህን በአማርኛ ሲለኝ በዓይኑ ይለምነኝ ነበር።

"በጥይት" አልኩ።

ዱባለ ወደ ሬዚደንቱ ዞረ። ከዚያ በጣሊያንኛ መለሰለት። እኔ የተናገርኩት አንድ ቃል ነበር፤ እሱ የተናገረው ረዘመ። ሬዚደንቱ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው፣ አንድ ነገር ጻፈ። ከቡታጅራ እንድወጣ፣ ሁለተኛም ሰው እንዳልሰበስብ ተነገረኝ። አልታሰርኩም።

ደጁ ላይ ምን አልከው ብዬ ዱባለን ጠየቅኩት። "ሂድ አሁን" አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ጥቅምት 14፣ አገና

ተራራውን ተሻግሬ አገና ከገባሁ ሰንብቻለሁ። የሀቢቡ ዘመድ ሽፋ ከግቢው አንድ ጎጆ ሰጥቶኛል። ዘርፈሽዋል እናቴን ብቻዋን አልተዋትም ብላ ቡታጅራ ቀረች፤ ከታኅሣሥ በፊት ሁለቱም ይመጣሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እስካሁን አልጻፍኩም። ጠዋት እንሰት እተክላለሁ፣ ከሰዓት ሰው ደብዳቤ ሲያጽፈኝ እጽፋለሁ። ደርቄያለሁ፣ ግን እንደ ነሐሴው አያስፈራም። ቃሉ ትቶኝ የሄደ ሳይሆን ከእኔ ጋር ቁጭ ያለ ይመስለኛል።

ዛሬ ሀቢቡ ለገበያ መጣ፤ ወረቀቶቹንም አመጣልኝ። የቤቱን ወሬ ጠየቅኩት። እናቴ ደህና ናት አለ። ጎረቤት አሁንም ሲመሻሽ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ ሰው መሰብሰብ የተከለከልኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። ታሪኩን ራሷ ትነግራቸዋለች፣ ከመጀመሪያው።

እንዴት አድርጋ እንደምትነግረው ጠየቅኩት። ከአንተ አጠር ታደርገዋለች አለኝ፤ ከአራዳ ውጭ አትወስደውም። ወፍራሙ ነጋዴ ጋ ስትደርስ ሰዉ እኩል ይስቃል፤ መጨረሻውንም ሳታለቅስ ትናገረዋለች።

"ታፈሰ ግን አትለውም" አለ። "ያረጋል ነው የምትለው።"

ሀቢቡ ወደ ገበያው ከሄደ በኋላ ወረቀቶቹን ፈታሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ታፈሰ የሚለውን ሰርዤ ከበላዩ ያረጋል ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛውንም ገጽ፣ ሦስተኛውንም። ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ አረምኩ፤ አላለቀም። ለካ ስሙን ብዙ ጊዜ ጠርቼው ኖሯል።